ክብደትና የአእምሮ ጤና፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የምሠራው በአእምሮ ሕክምና ተመላላሽ ክፍል ነው። በሩ ሥር ሚዛን አለ። ሰው መጀመሪያ ይመዘናል፣ ከዚያ ገብቶ ቁጭ ይልና ስለ ስሜቱ ያወራል። ሚዛኑና ወንበሩ በሦስት እርምጃ ነው የሚራራቁት፤ ሆኖም ብዙው ሰው «ግን እነዚህ ነገሮች ይገናኛሉ እንዴ?» ብሎ የሚጠይቀው ሊወጣ ሲል፣ የበሩን እጀታ ይዞ ነው። ከታች ያሉት እነዚያ የበር ላይ ጥያቄዎች ናቸው።

ውፍረት ነው ድብርት የሚያመጣው ወይስ ድብርት ነው የሚያወፍረው?

ሁለቱም። ከጥያቄው ለመሸሽ አይደለም እንዲህ የምለው። በ2010 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የታተመ አንድ ጥናት፣ ሰዎችን ለረጅም ጊዜ የተከታተሉ 15 ጥናቶችን ሰብስቦ ከ58,000 በላይ ሰዎችን መረጃ አንድ ላይ መረመረ። ክትትሉ ሲጀመር ከመጠን ያለፈ ውፍረት የነበራቸው በኋላ በድብርት የመያዝ ዕድላቸው በ55 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኘ። ሲጀመር ድብርት የነበረባቸው ደግሞ በኋላ ከመጠን በላይ የመወፈር ዕድላቸው በ58 በመቶ ከፍ አለ። መንገዱ ከሁለቱም ወገን እኩል የተረገጠ ነው ማለት ይቻላል።

«በ55 በመቶ ከፍ አለ» ሲባል ግን ከ100 ወፍራም ሰዎች 55ቱ በድብርት ይያዛሉ ማለት አይደለም። ከ100 ሰዎች 10ሩ የሚያዙ ቢሆን ኖሮ፣ ቁጥሩ ወደ 15 ገደማ ይጠጋል ማለት ነው። አብዛኞቹ ወፍራም ሰዎች ድብርት የለባቸውም፤ ድብርት የያዘው ሁሉም አይወፍርም።

«ወፍራም ሰው ሳቂታ ነው» የሚባለውስ?

አባባሉ ወደ ሳይንስም ገብቶ ነበር። በ1976 በአንድ የእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት ወፍራም ሰዎች፣ በተለይ ወንዶቹ፣ ጭንቀትና ድብርት ያነሰባቸው ሆነው አገኘኋቸው ብሎ ነበር። ከዚያ ወዲህ የተሠሩት አብዛኞቹ ጥናቶች ግን አልደገፉትም። እኔ ከሥራዬ ያየሁት፣ ቀልደኛ ሕመምተኛ ስለ እንቅልፉም ስለ ሐዘኑም የሚጠየቀው ከሌላው ዘግይቶ መሆኑን ነው። እያሳቀን ስለሚወጣ እንረሳዋለን።

ለመሆኑ ምን ያገናኛቸዋል?

ገመዱ ብዙ ነው። እንቅልፍን አስቀድማለሁ፤ ሁልጊዜ የሚዘለለው እሱ ስለሆነ።

አንድ ሰው ትዝ ይለኛል። ሚዛኑ ላይ ከመውጣቱ በፊት ቀበቶውን ፈታ፣ ቁልፉን ከኪሱ አወጣ፣ ሰዓቱን ሳይቀር አወለቀ። ቁጥሩን አይቶ ወረደና ሁሉንም መልሶ እስኪያደርግ አንድ ቃል አልተነፈሰም። የመጣው «ምንም ነገር አያስደስተኝም፣ ሁልጊዜ ይደክመኛል» ብሎ ነው። ያንኮራፋሉ ወይ ሲባል ሳቀ፤ ሚስቱ ሌላ ክፍል መተኛት ከጀመረች ሁለት ዓመት ሆኗት ነበር። ሲመረመር በእንቅልፍ ውስጥ ትንፋሹ የሚቆራረጥ ሆኖ ተገኘ። አንገት አካባቢ የሚከማች ስብ ተኝተን ሳለ የአየር ቧንቧን ያጠባል፤ ሰውየው ሌሊቱን ሙሉ ሲባንን ያድራል፣ ጠዋት ግን አንዱንም አያስታውሰውም። የሚያስታውሰው ድካሙን ነው። ማታ ማታ አየር የሚገፋ ጭምብል ማድረግ ሲጀምር ድብርቱ ጨርሶ አልለቀቀውም፤ ግን ከምሳ በኋላ ጋደም ሳይል መዋል ቻለ፣ የድብርት መድኃኒቱም ለውጥ ማሳየት የጀመረው ያኔ ነው።

ትንፋሽ ባይቆራረጥም እንኳ እንቅልፍ ማጣት ብቻውን የምግብ ፍላጎትን ያዛባል። ሰዎችን ለጥቂት ሌሊት እንቅልፍ በከለከሉ ሙከራዎች፣ ጥጋብን ለአንጎል የሚናገረው ሌፕቲን የተባለው ሆርሞን ሲቀንስ፣ ረሃብን የሚቀሰቅሰው ግሬሊን ደግሞ ሲጨምር ታይቷል። ድብርት እንቅልፍ ይነሣል፣ እንቅልፍ ማጣት ያስርባል፣ ክብደቱ ሲጨምር እንቅልፉ ይባስ ይበላሻል። ከየት እንደተጀመረ ለማወቅ መድከም አያስፈልግም፤ ከተገኘበት ቦታ መቁረጥ ይቻላል።

ሌላው ገመድ ኮርቲሶል ነው። ውጥረት ሲበረታ ሰውነት የሚያመነጨው ይህ ሆርሞን ከፍ ብሎ ሲሰነብት የምግብ ፍላጎትን ያነሣሣል፣ ስብም ሆድ አካባቢ እንዲከማች ያግዛል። ስብ ራሱ ደግሞ ዝም ብሎ የተቀመጠ የስንቅ ከረጢት አይደለም። እንደ ዕጢ ኬሚካል እያመነጨ ወደ ደም የሚለቅ አካል ነው፤ ከሚለቃቸውም መካከል ብግነት፣ ማለትም ሰውነት ለጉዳት ወይም ለበሽታ የሚሰጠውን የመቆጣት ምላሽ፣ የሚያስነሡ አሉ። ድብርት ካለባቸው ሰዎች በከፊሎቹ ደም ውስጥ ይኸው ዝቅ ያለ፣ ግን የማያቋርጥ የብግነት ምልክት ይገኛል።

ከዚህ ሁሉ ኬሚስትሪ ጎን ተራው ነገር አለ። ጉልበት ያምማል፣ ደረጃ መውጣት ያቅታል፣ ስለዚህ ሰው ከቤት አይወጣም። ልብስ አልሆን ይላል፣ ስለዚህ ግብዣ ይቀራል። ድብርት የያዘው ሰው ደግሞ ምግብ ለመሥራት ቀርቶ ከአልጋ ለመነሣት አቅም ያጣል፤ እጁ የሚደርስበትን ይበላል።

ሲከፋኝ እበላለሁ፤ እህቴ ደግሞ ሲከፋት ምግብ አይወርድላትም። ማናችን ነን ትክክል?

ሁለታችሁም። አማርኛ እንኳ ሐዘንን ያስቀመጠው ሆድ ውስጥ ነው፦ ሆድ ይብሰዋል፣ ሆድ ይባባል፣ ያልተነገረውንም ሆድ ይፍጀው እንላለን። ሐኪሞች ድብርትን ሲለዩ የምግብ ፍላጎት መጥፋትንም መጨመርንም ይቆጥራሉ፤ ሳይፈልጉት በአንድ ወር ውስጥ ከክብደት ከ5 በመቶ በላይ መቀነስ ወይም መጨመርም ከምልክቶቹ አንዱ ነው። 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ይህ 3 ኪሎ ተኩል ማለት ነው።

ብዙ መብላት፣ ብዙ መተኛት፣ እጅና እግር እንደ ብረት መክበድ፣ ግን ደግሞ ደግ ወሬ ሲሰሙ ለጊዜው ፈካ ማለት የሚታይበት የድብርት ዓይነት አለ። ይህን ዓይነት የያዘው ሰው «ይበላል፣ ይተኛል፣ ምን ጎደለው?» ስለሚባል ሕክምና ዘንድ ዘግይቶ ይደርሳል።

ማቆም እስኪያቅተኝ የምበላበት ጊዜ አለ። ይህ ስግብግብነት ነው ወይስ በሽታ?

ማንም ሰው አንዳንዴ አብዝቶ ይበላል። በሽታ የሚባለው በአጭር ጊዜ ውስጥ በጣም ብዙ መብላት፣ እየበሉ ማቆም አለመቻል፣ ይህም ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ ለሦስት ወር ያህል ሲቀጥል ነው። ሳይርብ መብላት፣ ሆድ እስኪያም መብላት፣ ሰው እንዳያይ ተደብቆ መብላትና ከዚያ በኋላ ራስን መጸየፍ አብረውት ይመጣሉ። በ2013 የወጣው የአሜሪካ የአእምሮ ሕክምና ማኅበር መመዘኛ ራሱን የቻለ ሕመም አድርጎ መዝግቦታል። የያዘው ሰው ሁሉ ወፍራም አይደለም።

የሚያሳዝነው፣ ብዙ ሰው ለዚህ ችግር የሚሞክረው የመጀመሪያ መድኃኒት ምግብ መዝለል መሆኑ ነው። ቁርስ ይቀራል፣ ምሳ ይቀራል፣ ማታ ግን ያ ሁሉ ረሃብ በአንድ ጊዜ ይወጣል። ሐሳብንና ልማድን አብሮ የሚያክመው የንግግር ሕክምና መጀመሪያ የሚሞከር ነው፤ ከሚሰጣቸው ምክሮች አንዱ ደግሞ ብዙዎችን የሚያስደነግጥ ነው፦ ሰዓት ጠብቀው፣ በቋሚነት ይብሉ።

መክሳትስ? ቀጭን ሰው ከዚህ ሁሉ ነፃ ነው?

አይደለም። ክብደትንና ድብርትን በሥዕል ያስቀመጡ ጥናቶች ብዙ ጊዜ የሚያገኙት ሁለቱ ጫፎቹ ወደ ላይ የወጡ ጎድጓዳ መስመር ነው፤ ከልክ በላይ የከሳውም ከልክ በላይ የወፈረውም ከመካከለኛው ይልቅ ይጎዳል።

ረሃብ ብቻውን አእምሮን ምን እንደሚያደርግ ከሁሉ በላይ ያሳየው በ1944 እና 1945 በአሜሪካ ሚኒሶታ የተደረገው ሙከራ ነው። ጦር ሜዳ አንሄድም ያሉ 36 ጤነኛ ወጣት ወንዶች ለ24 ሳምንታት የምግባቸው መጠን በግማሽ ገደማ ተቀነሰ፣ ክብደታቸውም ወደ ሩብ የሚጠጋ ቀነሰ። ሲገቡ ተረጋግተው የነበሩት ሰዎች ነጭናጮች ሆኑ፣ ከጓደኛ ራቁ፣ ድብርት ያዛቸው፣ ቀን ከሌሊት የሚያስቡት ስለ ምግብ ብቻ ሆነ። የምግብ አሠራር መጻሕፍት መሰብሰብ የጀመሩም ነበሩ። በኃይለኛ ዳይት ላይ ሆነው ባሕርያቸው የተለወጠባቸው ሰዎች ይህን ታሪክ ስነግራቸው ትንሽ ይቀላቸዋል።

ራስን ማስራብ የሚታይበት አኖሬክሲያ የተባለው ሕመም ከአእምሮ ሕመሞች ሁሉ ከፍተኛ ሞት ከሚያስከትሉት አንዱ ነው። ቤተሰብ «አምሮብሻል፣ ቀጠንሽ» እያለ ሲያደንቅ ሕመሙ ሥር ሊሰድ ይችላል።

የቢኤምአይ ቁጥሬ ስለ አእምሮዬ ምን ይነግረኛል?

ምንም። ኪሎን በሜትር በተለካ ቁመት ካሬ ማካፈል ነው፤ ከ18.5 በታች ክሳት፣ ከ25 ጀምሮ የክብደት መብዛት፣ ከ30 ጀምሮ ከመጠን ያለፈ ውፍረት ይባላል። ስሌቱን በ19ኛው ክፍለ ዘመን ያወጣው ቤልጂየማዊው አዶልፍ ኬትሌ ሐኪም ሳይሆን የሂሳብና የስታቲስቲክስ ሰው ነበር። ዛሬ የሚጠራበትን ስም በ1972 የሰጠው ደግሞ አንሴል ኪስ ነው፤ ያን የሚኒሶታ የረሃብ ሙከራ የመራው ሰው። ረሃብ የሰውን ባሕርይ እንዴት እንደሚለውጥ በዓይኑ ያየ ተመራማሪ፣ ስም ያወጣለት ቁጥር ግን ስለ ባሕርይ ምንም የማይናገር ነው።

የአእምሮ መድኃኒቴ እያወፈረኝ ነው። ላቁመው?

በራስዎ አያቁሙ። ይህን የምለው ቅሬታውን ለማጣጣል አይደለም፤ ቅሬታው እውነት ነው፣ ሐኪሞችም ለብዙ ዓመታት በበቂ አልሰሙትም።

መድኃኒቶቹ እኩል አይደሉም። ከፀረ ድብርቶች መካከል ሚርታዛፒን፣ ፓሮክሴቲንና አሚትሪፕቲሊን ክብደት በመጨመር ይታወቃሉ፤ ቡፕሮፒዮን ግን አይጨምርም፣ እንዲያውም ጥቂት ሊቀንስ ይችላል። (ቢሆንም የሚጥል በሽታ ላለበት፣ ወይም አኖሬክሲያና በልቶ የማስመለስ ሕመም ላለበት ሰው አይሰጥም።) ለስሜት መዋዠቅ የሚሰጡት ሊቲየምና ቫልፕሮኤትም ያወፍራሉ። ለሳይኮሲስ (ሰው የሌለ ነገር እየሰማ ወይም እያየ ከእውነታ ለሚርቅበት ሕመም) ከሚሰጡት ደግሞ ከሁሉ የሚብሱት ኦላንዛፒንና ክሎዛፒን ናቸው፤ አሪፒፕራዞል በጣም ይሻላል። ችግሩ ክሎዛፒን ሌላው ሁሉ እንቢ ባለበት ጊዜ የሚሠራ መድኃኒት መሆኑ ነው፤ ስለዚህ «ቀይሩልኝ» ሁልጊዜ ቀላል ጥያቄ አይሆንም።

ጊዜው ወሳኝ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቶሎ የሚጨምር ሰው በኋላም ብዙ የሚጨምረው ነው። በዚህ ምክንያት የእንግሊዝ የሕክምና መመሪያ ለሳይኮሲስ መድኃኒት የጀመረ ሰው ለመጀመሪያዎቹ 6 ሳምንታት በየሳምንቱ፣ ከዚያም በ12ኛው ሳምንት እንዲመዘን ያዝዛል። የደም ስኳርና የደም ቅባትም ይታያሉ። እርስዎን ማንም ካልመዘነዎት ራስዎ ይመዘኑና ቁጥሩን ከቀኑ ጋር ጽፈው ይሂዱ። «ወፈርኩ» ከሚለው ቃል ይልቅ «በአምስት ሳምንት 4 ኪሎ» የሚለው ወረቀት ሐኪምን ቶሎ ያንቀሳቅሳል። ከዚያ መጠን መቀነስ፣ መድኃኒት መቀየር ወይም ሜትፎርሚን የተባለውን የስኳር በሽታ መድኃኒት መጨመር እየተመከረ ይወሰናል።

በድንገት ያቆመ ሰው ግን ሕመሙ ሊመለስበት ይችላል፣ አንዳንዱም መድኃኒት ሲቋረጥ ማዞርና እንቅልፍ ማጣት ያስከትላል።

ክብደት ብቀንስ ድብርቱ ይለቀኛል?

ሊቀልልዎት ይችላል፤ ቃል ግን አልገባም። ሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ ያለባቸውን ከ5,000 በላይ ሰዎች ያሳተፈ የአሜሪካ ጥናት፣ በአመጋገብና በእንቅስቃሴ ብርቱ ድጋፍ ያገኙት ሰዎች የድብርት ምልክት የታየባቸው ካላገኙት ባነሰ መጠን ነው ብሏል። ይህ ግን በባለሙያ የታጀበ ነው፤ ብቻን ሆኖ መራብ አይደለም።

እኔን ይበልጥ የሳበኝ በአውስትራሊያ ተሠርቶ በ2017 የታተመው ትንሽ ጥናት ነው። 67 ድብርት ያለባቸው ሰዎች ለ12 ሳምንታት ግማሾቹ የአመጋገብ ምክር፣ ግማሾቹ ደግሞ የሚያጫውታቸው ሰው አገኙ። ድብርቱ የለቀቃቸው ከመጀመሪያዎቹ 32 በመቶ፣ ከኋለኞቹ 8 በመቶ ነበሩ። ክብደታቸው ግን እዚህ ግባ የሚባል ለውጥ አላሳየም። በ67 ሰው ዓለም አይለወጥም፤ ቢሆንም ሚዛኑ ሳይንቀሳቀስ ስሜት ሊሻሻል እንደሚችል ያሳያል። እንቅስቃሴም እንዲሁ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ አንድ ኪሎ ባይቀንስም ለድብርት ይረዳል።

ጨጓራን በማሳነስ ቀዶ ሕክምና ክብደት የቀነሱ ብዙ ሰዎች በመጀመሪያው ጊዜ ስሜታቸው ይሻሻላል። ነገር ግን ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ባሉት ዓመታት ራስን የመጉዳትና የመጠጥ ችግር በአንዳንዶቹ ላይ እንደሚጨምር ስለታወቀ፣ የአእምሮ ክትትሉ ከቁስሉ ጋር አብሮ መዘጋት የለበትም።

አዲሶቹ የክብደት መቀነሻ መርፌዎች ድብርት ያመጣሉ ይባላል። እውነት ነው?

ፍርሃቱ ከባዶ አልመጣም። ሪሞናባንት የተባለ የክብደት መቀነሻ ክኒን በ2006 በአውሮፓ ተፈቅዶ፣ ድብርትና ራስን የማጥፋት ሐሳብ በማስከተሉ በ2008 ከገበያ ተነሥቷል። እንደ ሴማግሉታይድ ያሉት መርፌዎች የሚሠሩት ግን በሌላ መንገድ ነው፤ በ2024 የአሜሪካም የአውሮፓም የመድኃኒት ተቆጣጣሪዎች መረጃውን መርምረው መድኃኒቶቹ ራስን የማጥፋት ሐሳብ እንደሚያመጡ የሚያሳይ ማስረጃ አላገኘንም ብለዋል። ልብ ሊሉት የሚገባ ነገር ቢኖር፣ ሴማግሉታይድ ለክብደት የተፈተነባቸው ትልልቅ ሙከራዎች በቅርብ ጊዜ ከባድ ድብርት የነበረባቸውን ሰዎች አላስገቡም። እርስዎ ከእነዚያ ከሆኑ ክትትልዎ ጠበቅ ይበል።

ሰዎች ለጤናዬ አስበው ስለ ክብደቴ ይነግሩኛል። ይጠቅመኛል?

ሰላምታውን ሳይጨርስ «ወፈርክ!» የሚል ሰው ዜና የነገረዎት ይመስለዋል። በ2013 የታተመ አንድ ጥናት ከ6,000 በላይ አሜሪካውያንን ለአራት ዓመት ተከታትሎ፣ በክብደታቸው የተነሣ መገለልና መናቅ የደረሰባቸው ወፍራም ያልነበሩ ሰዎች በኋላ ከመጠን በላይ የመወፈር ዕድላቸው 2.5 እጥፍ ገደማ ሆኖ አገኘው። የተናቀ ሰው ይደበቃል፤ ስፖርት ቤት አይሄድም፣ ሐኪም ዘንድም አይቀርብም። ለጉሮሮ ሕመም ሄዳ «መጀመሪያ ክብደትሽን ቀንሺ» የተባለች ሴት ለሚቀጥለው ሕመሟ ስንት ወር እንደምትቆይ መገመት አያቅትም።

ሐኪም ዘንድ ስሄድ ምን ልበል?

ሁለቱን በአንድ ቀጠሮ ያንሡ፦ «ከዚህ ወር ወዲህ ክብደቴ እንዲህ ተለውጧል፣ ስሜቴም እንዲህ ሆኗል»። የትኛው እንደቀደመ ካስታወሱ ይናገሩ። እንቅልፍዎን፣ የሚወስዱትን መድኃኒት በሙሉና ተደብቀው የሚበሉ ከሆነ እሱንም ይጨምሩ፤ የመጨረሻው ለመናገር ከባድ ነው፣ ግን ሕክምናውን የሚለውጠው ብዙ ጊዜ እሱ ነው።

አንገት ላይ ያለው የታይሮይድ ዕጢ እንዲመረመርልዎት ይጠይቁ። ዕጢው ሲደክም ሰው ይወፍራል፣ ይበርደዋል፣ ድብርት ይይዘዋል፤ ሲፈጥን ይከሳል፣ ይጨነቃል፣ ልቡ ቶሎ ቶሎ ይመታል። አንድ የደም ምርመራ ይለየዋል። ለድብርት ደግሞ ባለ 9 ጥያቄ ቅጽ ሊሰጥዎት ይችላል፤ ድምሩ ከ0 እስከ 27 ነው፣ 10ና ከዚያ በላይ ከሆነ በቅርብ መታየት ይፈልጋል።

መኖር ካስጠላዎት፣ ራስዎን ስለመጉዳት ካሰቡ፣ ምግብና ውኃ ጨርሶ እንቢ ካለዎት ወይም ራስዎን እየሳቱ ከወደቁ ግን ቀጠሮ አይጠብቁ፤ ዛሬውኑ ሰው ይዘው ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

በየቀኑ መመዘን ይጎዳኛል?

እንደ ሰውዬው ነው። ክብደት በአንድ ቀን ውስጥ በውኃና በምግብ ብቻ አንድ ሁለት ኪሎ ይወዛወዛል፤ ይህን የሚያውቅ ሰው ቁጥሩን አይቶ ሥራው ይሄዳል። የጠዋቱ ቁጥር የቀኑን ስሜት የሚወስንለት ሰው ግን በሳምንት አንዴ ይበቃዋል። የአመጋገብ ሕመም ላለባቸው የምናደርገው ሌላ ነው፦ ፊታቸውን ወደ በሩ አዙረው፣ ጀርባቸውን ለቁጥሩ ሰጥተው ይቆማሉ፤ እኔ አንብቤ እጽፋለሁ፣ እነሱ አይጠይቁኝም። ከዚያ ሦስቱን እርምጃ ሄደው ወንበሩ ላይ ይቀመጣሉ።